ከካሜራው በፊት ደብተሩ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ዓመቱን ሙሉ ተሰብስባችሁ የ6 ደቂቃ ፊልም ብቻ?» የሚለው አስተያየት ከመምህራን ማረፊያም ከወላጆች ስብሰባም ደርሶናል። አዎ፣ 6 ደቂቃ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የተሠራው ሥራ ደብተር ላይ ስለሆነ አይታይም፤ ይህ ዘገባም ያንኑ ያሳያል።

ስብሰባው እንደ ወትሮው ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ የሰልፍ ሰዓት ፕሮግራሙም እንደ ወትሮው። አባላት 24። ቃለ ጉባኤው ፋይሉ ውስጥ አለ።

አባላቱ 37 ሐሳብ አመጡ። እያንዳንዱ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጻፍ ተደረገ፤ ማን፣ ምን ፈልጎ፣ ምን ከለከለው? «ስለ ስደት» ርዕስ እንጂ ታሪክ አይደለም። በዚህ ወንፊት 9 ብቻ አለፉ። ቀጥሎ የአቅም ወንፊት መጣ፤ ከ2 ቦታና ከ4 ተዋናይ ያልበለጠ፣ የመቅረጫ መብራት ስለሌለን በቀን ብርሃን የሚያልቅ። ጉግስ ያለበት አንድ ግሩም ሐሳብ እዚህ ላይ ቀረ። ፈረሱን ማን ያመጣል?

የተመረጠው ይህ ነው፦ አንዲት ተማሪ ለደብተር መግዣ ብር ትፈልጋለች፤ እናቷ ግን ያላትን ብር ለማዳበሪያ ዕዳ ይዛዋለች። ትዕይንቶቹን በቁራጭ ወረቀት እየጻፍን ወለል ላይ ደረደርን። ቢነሳ ታሪኩ የማይጎድልበት ትዕይንት ሁሉ ተነሳ፤ ከ14 ውስጥ 8 ቀሩ። ከዚያ ስክሪፕቱ። በየትዕይንቱ ራስጌ ላይ፣ ቤት ውስጥ ወይስ ደጅ፣ የት፣ መቼ የሚለው ይጻፋል፤ ከሥሩ የሚታይና የሚሰማ ነገር ብቻ። «ያለፈውን አስታውሳ አዘነች» የሚለውን ካሜራ አያነሳውም።

በተለመደው የስክሪፕት አጻጻፍ አንድ የታተመ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የእጅ ጽሑፍ ግን ይህን ልክ ስለማይጠብቅ እያስነበብን በስልክ ሰዓት ያዝን፤ የመጀመሪያው ረቂቅ 11 ደቂቃ ወሰደ። ጥፋቱ ንግግሩ ላይ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ ሁለቱም የሚያውቁትን ይነጋገራሉ፤ «አንቺ እኮ ታላቅ እህቴ ነሽ» ዓይነት። በቅኔ ቤቶቹ በዲማና በዋሸራ አገር ወርቁን አስቀድሞ የሚያሰጣ ቅኔ ማን ይሰማል?

ትልቁ ስሕተታችን የጊዜ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በአጨዳ ወቅት ማሳ ላይ ሆኖ ሳለ ረቂቁ ያለቀው በጥር ነው። ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ቦታውን ወደ ወፍጮ ቤት ማዛወር ግድ ሆነ።

የካቲት ላይ ሰባት አባላት ወፍጮ ቤት ሄዱ፤ ካሜራ አልተያዘም፣ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ። አንዲት እናት ግማሽ ጆንያ ጤፍ አስመዘኑ። ዋጋው ሲነገራቸው መቀነታቸውን ፈቱ፤ ብሩን ቆጠሩ፤ መልሰው ቋጠሩት። ትንሽ ቆይተው እንደገና ፈቱት። ምንም ሳይናገሩ ከጤፉ አንድ ቁና ያህል ቀንሰው ወደ ነጠላቸው ጫፍ ገለበጡ፤ የቀረውን አስፈጩ። በክበቡ ውስጥ ብዙም የማትናገር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ቆማ አየች። በማግሥቱ እናትየዋ ችግሯን የምትዘረዝርበትን 11 መስመር ንግግር ሰርዛ «እናት መቀነቷን ትፈታለች። ትቆጥራለች። ትቋጥራለች።» ብላ መጣች። ሐሙስ ሲነበብ ሰዓት ያዡ ልጅ ሰዓቱን ማቆም ረሳ።

ቀረጻው 2 ቀን ብቻ ወሰደ፤ የት ምን እንደሚነሳ አስቀድሞ ተጽፏልና። የወፍጮው ጩኸት ድምፅ ሁሉ ይውጣል፤ ያ ትዕይንት የዳነው ንግግር ስለሌለው ነው። ደጅ የተነሱ 2 ትዕይንቶች ግን ንፋስ ገብቶባቸው እንደገና ተሠሩ፤ የስልክ ማይክ ከ2 ሜትር በላይ ሲርቅ ከተዋናዩ ይልቅ የጮቄ ተራራን ንፋስ ይሰማል። አንድ ሌላ ስክሪፕት ደግሞ ቅጂ ስላልነበረው ከደብተሩ ጋር ጠፍቷል።

ለዓመቱ የተፈቀደልን 2 ደስጣ ወረቀት የደረሰን ግማሽ ደስጣ ሆኖ ነው። ኳስ ሲፈነዳ በሳምንቱ እንደሚተካ እናውቃለን፤ ኳሱም ይተካ፣ አንቀናም። ካሜራ ግዙልን አላልንም። የምንጠይቀው 4 ደስጣ ወረቀት፣ ልብስ ላይ የሚሰካ 1 ማይክ፣ ስክሪፕት የምንተይብበት የኮምፒዩተር ክፍል ሐሙስ ለ2 ሰዓት ብቻ ነው። የአጨዳው ረቂቅ አሁንም አለ። መስከረም ላይ ወረቀቱ ከደረሰን በጥቅምት መጨረሻ ይጠናቀቃል፤ ማጭድ ሳይገባ ማሳው ላይ እንገኛለን።