እማዬ፣ ስለ ደም ምርመራው

እማዬ፣

ትናንት ስልኩ ሲዘጋ እንዳለቀስሽ ሰማሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ «ደሜ ላይ ትንሽ ነገር አገኙ» እንዳልኩሽ ኔትወርኩ ተቋረጠ። አሁን ሙሉውን ልጻፍልሽ፣ መነጽርሽን አድርጊ።

እዚህ ለንደን ነፍሰ ጡር ሴት ከፈለገች ከ10ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ልጇ ዳውን ሲንድረም (ልጅ አብሮት የሚወለድ፣ የአእምሮ ዕድገቱን ቀስ የሚያደርግ ነገር) ሊኖረው ይችል እንደሆነ የሚገምት ምርመራ ታደርጋለች። ደም ወስደው ሁለት ነገር ይለካሉ። አንዱ ኤችሲጂ የሚባለው ሆርሞን ነው፣ ያ በሽንት ምርመራው ሁለት መስመር ያወጣልኝ ራሱ። ሌላው ፓፕ-ኤ የሚሉት ፕሮቲን ነው። ሁለቱም ከእንግዴ ልጁ ነው የሚመጡት። ከዚያ በአልትራሳውንድ ከልጁ ማጅራት ሥር ያለውን ፈሳሽ ይለኩና ከዕድሜዬ ጋር አንድ ላይ ያሰሉታል። ክብደቴን፣ ሲጋራ ማጨስ አለማጨሴን ሳይቀር ጠየቁኝ (አንቺ ጆሮ የሚደርስ ይመስል ደንግጬ «በጭራሽ!» አልኩ)።

ልጁ ዳውን ሲንድረም ሲኖረው ብዙ ጊዜ ኤችሲጂው ከፍ፣ ፓፕ-ኤው ዝቅ ይላል። የኔም እንደዚያ ሆነ። ግን ዳውን ሲንድረም የሌለው ልጅ የያዘች ሴትም ደሟ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው «አለበት» ወይም «የለበትም» የማይሉት። የሰጡኝ ቁጥር ነው፦ ከ120 አንድ። እዚህ ከ150 አንድ ወይም ከዚያ የበለጠ ዕድል ሲሆን «ዕድሉ ከፍ ያለ» ይሉታል። ቃሉን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን፣ የኔ ዓይነት ውጤት ያላቸው 120 እናቶች ቢሰበሰቡ 119ኙ ዳውን ሲንድረም የሌለው ልጅ ነው የያዙት። አዋላጇ ይህን ከመጀመሪያው ብትነግረኝ ምን ነበረበት!

አሁን ሌላ ደም ሰጥቻለሁ። ይሄኛው ደሜ ውስጥ የሚዘዋወረውን የእንግዴ ልጁን ዲኤንኤ ነው የሚያየው፤ ከፊተኛው በጣም ይሻላል፣ እሱም ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም። ቁርጡ የሚታወቀው በመርፌ ከእንግዴ ልጁ ወይም ከሽርት ውሃው ሲቀዳ ነው፤ ጥቂትም ቢሆን ጽንሱ የመውረድ አደጋ ስላለው እሱን ገና አልወሰንኩም።

«እኔ አራት ስወልድ ማን ደም ቀዳኝ» እንደምትይ አውቃለሁ። ማንም አልቀዳሽም። ግን ያን ዘጠኝ ወር ሌሊት ሌሊት ምን እያሰብሽ ታድሪ እንደነበር አንድ ቀን አውርተሽኝ አታውቂም፤ እሁድ ስደውል ንገሪኝ እስቲ። ለእትዬ ደግሞ እንዳትነግሪያት፣ ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ ስለት ይሳልልኛል።

ልጅሽ