ደብዳቤ ለልጄ፦ የ45 ቀን የክትባት ቀጠሮው ሳይደርስ

ልጄ የኔ ጌታ እንዴት ናችሁ፣ አራሷስ በረታችልኝ? ገንፎውን በደንብ እየበላች ነው? ትናንት በስልክ «እማ ልጁ እኮ ጤነኛ ነው፣ ለአንድ መርፌ እኔ ከስራ የምቀርበት ምን ምክንያት አለ፣ ከእህቷ ጋ ደርሰው ይመጣሉ» ስትለኝ ዝም አልኩህ፣ ኔትወርኩም ይቆራረጥ ነበር፣ ግን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩና ይሄው ልፅፍልህ ተቀመጥኩ።

ክትባት ክፍል ስንት አመት እንደሰራሁ ታውቃለህ። እናቶች ይገባሉ፣ የልጁን ጭን ይገልጣሉ፣ ልጁ ያለቅሳል፣ አዝለው ይወጣሉ፣ አለቀ። ከዛ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ይሉና «ሲስተር ይሄ ልጅ ግን በር ሲጮህ እንኳን አይደነግጥም፣ ምንም አይደል?» ትላለች አንዷ። ዋናው ነገር ሁሌም በር ላይ ነው የሚነገረው፣ ያኔ ደግሞ ቀጣዩዋ እናት ቁጭ ብላለች ወረፋውም ውጪ ድረስ ነው። ስለዚህ አንተ ስልክህ ላይ ፃፈው፣ ያሳሰባችሁን ነገር በየቀኑ፣ ትንሽ ቢመስልም፣ ከዛ ልክ እንደገባችሁ ልጁ ሳይወጋ በፊት ጠይቅ፣ እሷ እንቅልፍ አጥታ ነው የምትሄደው ሁሉንም ላታስታውስ ትችላለች፣ አንተ የምትሄደው ለዚህ ነው።

ሲመዘን ልብሱን አውልቁለት። ኪሎውን ነግረዋችሁ ብቻ እንዳይሸኟችሁ፣ ካርዱ ላይ ያለው የእድገት ቻርት ላይ የኪሎውን ነጥብ አድርጉልኝና አሳዩኝ በል። ሰው «ምን የመሰለ ወፍራም ልጅ» ሊል ይችላል፣ እኔ የማምነው መስመሩን ነው። ከወር ወር ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ ጥሩ፣ ቀጥ ብሎ ከተኛ ልጁ ቢስቅም ቢጫወትም አንድ ነገር አለ፣ ያንን ቶሎ የሚያሳይህ ሌላ ነገር የለም።

ደግሞ እባካችሁ እውነቱን ተናገሩ። አክስትህ አብሽም ቢሆን ውሃም ቢሆን ቅቤም ቢሆን አቅምሳው ከሆነ እንዳትደብቁ። ይቆጡናል ብለው የሚዋሹ ብዙ ናቸው፣ እውነቱን ለመናገር እኛም እንቆጣ ነበር፣ ጥፋታችን ነው። ግን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው፣ ውሃም አይጨመርበትም፣ ተቅማጥ የሚመጣው በዛ ነው።

ክርስትናው በ40 ቀኑ ነው፣ በ45 ቀኑ መርፌው፣ መሃሉ 5 ቀን ብቻ ነው። ድግሱ አድክሞናል ብላችሁ እንዳትገፉት። ከዛ በ2 ወር ተኩል፣ በ3 ወር ተኩል፣ ከዛ ብዙ ቦታ እስከ 9 ወር ዝም። ሰው የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው! መርፌ የለም ተብሎ ጤና ጣቢያ ይረሳል፣ ግን ልጅ ምግብ የሚጀምረው በ6 ወሩ ነው፣ ቫይታሚን ኤ ጠብታውም የሚጀምረው ያኔ ነው፣ ኪሎው ቀጥ የሚለውም ቀጭን አጥሚት ብቻ እየተሰጠው ያኔ ነው። ስለዚህ ባትጠሩም ሂዱ፣ ይመዘን፣ ገንፎው ምን ያህል ይወፍር፣ እንቁላሉስ እንዴት ይግባበት ብላችሁ ጠይቁ።

9 ወሩ ላይ የኩፍኝ ክትባት አለ። ይሄን ነገር እስከዛሬ አልነገርኩህም። ያንተ የ9 ወር ክትባት የደረሰው ለፋሲካ አያትህ ጋ በሄድንበት ሰሞን ነበር፣ ስመለስ ስራ በዛ፣ አንተም ደህና ነበርክ፣ የሰው ልጅ ስከትብ እየዋልኩ ያንተን ነገ ነገ እያልኩ 2 ወር አለፈ። ከዛ ያዘህ። አይንህ ተጣብቆ ገላህ እየነደደ ሳሉ ትንፋሽ እያሳጣህ ከጎንህ ቁጭ ብዬ ነጋ፣ ኩፍኝ ሳንባ ምች ያመጣል አይን ያጠፋል ብዬ ሌላውን የማስተምረው እኔ ነበርኩ እኮ። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፍክ። ደህና ልጅ ነው ማለት አሁንም ያስፈራኛል። የ9 ወሩ ደግሞ የመጨረሻው እንዳይመስላችሁ፣ ከ2011 ጀምሮ በ1 አመት ከ3 ወር ሁለተኛ ኩፍኝ አለ፣ ብዙ ሰው እሷን ይረሳል።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ የኩፍኝና የቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) ብልቃጥ አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ነው የሚሰራው፣ ለዛ ነው ብዙ ቦታ ቀን ለይተው የሚሰጡት፣ የትኛው ቀን እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ ልጅ ታቅፋችሁ እንዳትመለሱ። ማታ ትኩሳት ቢነሳበት አትደንግጡ፣ ምን ልስጠው ስንት ልስጠው የሚለውን ግን እዛው ኪሎውን አይተው ይንገሯችሁ። የተወጋበት ቦታ ላይ ቅቤ ምናምን እንዳይቀባ።

ካርዱን በፕላስቲክ አድርጉት። ከጤና ጣቢያ እንደወጣችሁ ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ ነጥቡን ራሴ ልየው።

እናትህ