መንዝ አላለቀም፣ አባባ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ «የአባባ ጉልበት ተሻለው ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ባለፈው በስልክ «መንዝ አለቀ፣ ሰው የለበትም፣ የመሬቱን ደብተር መልሼ እናንተ ጋ ልምጣ» ያሉኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። መስመሩ እየተቆራረጠ እንደልብ አላነጋገረንም። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ዓይንዎ ካስቸገረዎ የእህቴ ልጅ ያነብልዎታል።

አባባ፣ መንዝ ሰው አላጣችም። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ መንዝ ጌራ ምድር ብቻዋን ወደ 120 ሺህ ሰው ነበራት። ማማ ምድር ደግሞ ወደ 85 ሺህ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። ያኔ የነበረው ሕዝብ በእርስዎ የልጅነት ዘመን ከነበረው እንደሚበልጥ ግን አልጠራጠርም። መሐል ሜዳን ራሷን ይመልከቷት። እርስዎ በእረኝነት ዘመንዎ ከብት የነዱበት ሜዳ ዛሬ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆኗል። ዓይንዎ ያጣው ወጣቱን ነው። ለቅሶ ላይ አስከሬን የሚሸከም ጉልበት ያለው ሰው ጠፋ ያሉኝ እሱ ነው፣ ይገባኛል።

ወጣቱ የሚወጣበትን ምክንያት ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሳጥንዎ ውስጥ ያለችውን የአያቴን የግብር ደረሰኝ ባለፈው ፋሲካ ፎቶ አንስቻት ነበር። አራት ቦታ ታጥፋ መታጠፊያዋ ተበጥሷል፣ ማኅተሙም ደብዝዟል። «መንዝና ግሼ አውራጃ» የሚለው ግን ይነበባል። በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው ያ አውራጃ ዛሬ ካርታ ላይ የለም። ጌራ ምድር፣ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ቀያ ገብርኤል፣ ግሼ ራቤል እየተባለ በየወረዳው ተከፋፍሏል። የዚያ ዘመን ርስት ግን የዛሬውን ጣጣ ይነግረናል። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። ዘሩን እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ የደረሰ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። ማታ ማታ ምድጃ ዳር አስቀምጠው የቅድመ አያቶቻችንን ስም ያስጠኑን ለዚህ ነበር። ስም የጠፋበት ሰው መሬቱም ይጠፋበት ነበር።

ሰው ሲበዛ መሬቱ ይሳሳል። ስለዚህ መንዝ ከጥንት ጀምሮ ሰው የምትልክ አገር ናት። የሸዋ ነገሥታት አባት ነጋሲ ክርስቶስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከዚያው ከደጋው ተነሣ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ወደ ይፋት አፋፍ ወረዱ። አምሐ ኢየሱስ አንኮበርን ያዘ። ከዚያ ዘር ሣህለ ሥላሴ፣ ከሣህለ ሥላሴም ምኒልክ ተገኙ። አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር የመንዝ ሰው ከንጉሡ ጋር ነበር፤ ወደ ደቡብ ዘምቶ በዚያው የቀረውም ብዙ ነው። በ1977 ረሃብ ጊዜ ደግሞ ሰው ወዶ ሳይሆን በሰፈራ ተጭኖ ሄደ። ያንን ከመሄድ አልቆጥረውም። እናቴ ስለዚያ ዓመት ስታወራ ድምፅዋ ይለወጥ የነበረው እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያኮራኛል፣ እርስዎም እንዲኮሩበት እፈልጋለሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ በዚያች ቀዝቃዛ ደጋ፣ ውርጩ ገብሱን እያቃጠለበት፣ የጋራ ሣር ምድራችንን ጓሳን አልጨረሳትም። አራት መቶ ዓመት ያህል በአስቦና በጌራ አባቶች ሥርዓት፣ ቄሮ በሚባለው የጋራ ሣር ጥበቃ፣ ጠበቋት። ሳሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። የሚጠብቀውን አባት ሕዝቡ ይመርጥ ነበር። ሳይከፈት የገባ ይቀጣ ነበር። ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር፤ ለጣሪያ፣ ለገመድ፣ ለገሳ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ሆኖም ጓሳ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ናት። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም አሉ። መንግሥት ባይነግረው እንኳ ሰው ተስማምቶ አገሩን መጠበቅ እንደሚችል የመንዝ ገበሬ አሳይቷል።

አሁን ስለ ደብተሩ። እባክዎ አይመልሱት። በ1989ኙ የመሬት ድልድል ጊዜ ልጅ የነበረ፣ ከዚያም በኋላ የተወለደ ስንት ሰው ነው መሬት አጥቶ የቀረው? አዲስ አበባና አረብ አገር የሚሄደው እኮ እሱ ነው። መሬት ለልጅ ልጅ በስጦታ ማስተላለፍ ይቻላል፣ ልጁ በእርሻ የሚተዳደር ከሆነ። ይህን ወረቀት አሁን የሚያነብልዎ ልጅ ባለፈው ሲደውልልኝ በጎች ማርባት እንደሚፈልግ ነግሮኛል። የመንዝ በግ ገበያ እንዳለው ያውቃል፣ ሱፉም ለባና ይሆናል። እርስዎን ማስቸገር ፈርቶ ነው እንጂ መውጣት አይፈልግም። ካፈረ አንብብ ይበሉት፣ አይዝለለው!

ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ዘንድ አብረው ይሂዱ። ምስክሮች ያስፈልጋሉ፣ ጎረቤቶቹን ቀደም ብለው ያነጋግሩ። ለመጓጓዣውና ለሚያስፈልገው ወጪ ገንዘብ ልኬያለሁ። እርስዎ ለጉልበትዎ ሕክምና ክረምቱ ሳይገባ እኔ ጋ ይምጡ። ከመስከረም በኋላ ብርዱ ሳይበረታ፣ ገብሱ ሲያሸት፣ ራሴ አደርስዎታለሁ።

ልጅዎ
አዲስ አበባ