ስሙን ሳንሰማ የጻፍንበት አልበም፦ የሙዚቃ ሂስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን መስከረም ላይ ሠላሳ አንድ አባላት መዝግቦ ነበር። ሥራው ጭፈራ ሳይሆን ጽሑፍ መሆኑ ሲታወቅ ኅዳር ላይ አሥራ ዘጠኝ ቀሩ። እነዚህ አሥራ ዘጠኙ ግን ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ፣ መብራት በጠፋባቸው ቀናት ሳይቀር ተገኝተዋል። ስለ መጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ብዙ የምለው የለኝም። በአገራችን ዘፈኖች ላይ ጻፍን፤ ሁሉም የሚወደውን ድምፃዊ አሞገሰ፤ እኔም ውዳሴ ሳርም ከረምኩ።

የካቲት ላይ ማንም የማያውቀውን ድምፅ ይዤ መጣሁ። ስሙን፣ አገሩንና ዕድሜውን ሳልናገር ዘጠኝ ዘፈኖች ያሉትን የሮክ አልበም በሁለት ረቡዕ አሰማኋቸውና የሰሙትን ብቻ እንዲጽፉ ጠየቅኋቸው። የመጡት ወረቀቶች የዓመቱ ምርጥ ጽሑፎች ሆኑ። አንዱ «ከበሮው ይራመዳል፣ ሰውየው ግን ቁጭ ብሎ ያወራል» አለ። ሌላዋ ድምፁን ከባዶ በርሜል ጋር አመሳሰለችው። የመጨረሻው ዘፈን መገባደጃ ላይ ዘፋኙ ዜማውን ትቶ በቁጣ መናገር ይጀምራል፤ እዚያ ላይ ለልጆች የማይሆኑ ቃላት ስላሉ እጄን ከድምፅ መቀነሻው ላይ አላነሳሁም። ከጎጃም የመጣ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ግን ቋንቋውን በደንብ ሳይሰማ «ይህማ ፉከራ ነው» ብሎ ጻፈ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰውየውን አስተዋወቅኋቸው። ኢጊ ፖፕ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1947 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሚሺጋን ተወለደ፤ ዘ ስቱጅስ በተባለው ቡድኑ የተነሳ ፐንክ የሚባለው ሻካራና ፈጣን የሮክ ዓይነት አባት ተብሎ ይጠራል። አልበሙ «ፖስት ፖፕ ዲፕሬሽን» ነው። በካሊፎርኒያ በረሃ ከጊታር ተጫዋቹ ጆሽ ሆሚ ጋር በምስጢር ጀምሮት በመጋቢት 2016 ሲያወጣው ስልሳ ዘጠኝ ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር። የሥራ ባልደረባውና ባለውለታው እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ የሞተው አልበሙ ከመውጣቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ኢጊ ራሱም ይህ የመጨረሻው አልበም ሊሆን እንደሚችል ሲናገር ነበር።

ይህን ካወቁ በኋላ እንደገና እንዲጽፉ አደረግሁ። «ስንብት» የሚለው ቃል በመጀመሪያው ዙር በአንድም ወረቀት አልነበረም፤ በሁለተኛው በአሥራ አራቱ ላይ ተገኘ። ባዶ በርሜሉ «በሐዘን የተሞላ የአዛውንት ድምፅ» ሆኖ ተመለሰ። በርሜሉን በጣም ወድጄው ስለነበር ተናደድኩ።

ከዚያ የባለሙያዎቹን ሂስ አንድ በአንድ በአማርኛ እያስረዳሁ አነበብን። አብዛኞቹ አልበሙን ተቀብለውታል፤ ብዙዎቹም በ1977 ከቦዊ ጋር ከሠራቸው ሁለት አልበሞች ጋር አነጻጽረውታል። ገበያውም ደግ ነበር፤ በብሪታንያ ሰንጠረዥ አምስተኛ፣ በአሜሪካ አሥራ ሰባተኛ ደረጃ ያዘ። ኢጊ በአሜሪካ እስከ ሃያኛ ባለው ደረጃ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ግራሚ ለተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት በታጨበት ዘርፍ ያሸነፈው ደግሞ የሟቹ ቦዊ የመጨረሻ አልበም ሆነ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እንደ ተረት ሳቁ።

አንዲት ልጅ ግን አልሳቀችም። የስቱጅስ የ1969 አልበም ሲወጣ ብዙ ሃያሲያን እንዳጣጣሉት፣ ዛሬ ግን ከሮክ ምሰሶዎች እንደሚቆጠር ነግሬያቸው ስለነበር፣ «ታዲያ በወጣትነቱ ስለነፈጉት በእርጅናው ካሳ እየከፈሉት ቢሆንስ?» አለች። ሁለት ሳምንት የፈጀብን ይህ ጥያቄ ነው። መልስ ፍለጋ ወደ 2007 ተመለስን። በዚያ ዓመት ዳግም የተሰባሰበው ስቱጅስ አዲስ አልበም ሲያወጣ ዘፋኙ ስልሳ ሊሞላው ተቃርቦ ነበር፤ ሃያሲያኑ ግን አልራሩለትም። ስለዚህ ሽበት ብቻውን ውዳሴ አይገዛም አልን። ሽበት ከሐዘንና ከስንብት ወሬ ጋር ሲመጣስ? እዚህ ላይ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ፤ እስከ ዛሬም አልታረቀም። ኢጊ ከዚያ ወዲህ በ2019 እና በ2023 ሌሎች አልበሞች ማውጣቱን ስነግራቸው አሥራ አራቱ ስንብተኞች መቀለጃ ሆነው ሰነበቱ።

የፉከራው ነገር ከእጄ ወጥቶ ሄደ። የጎጃሙ ልጅ አልተሳሳተም ብዬ፣ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተውን ጌታቸው መኩሪያን አስደመጥኋቸው። ጌታቸው በስተርጅናው ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ የፐንክ ቡድን ጋር ተጣምሮ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አሳትሟል። ያን ቀን ሰዓት አልፎ ጥበቃው በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ ማንም አልተነሳም። በመርሐ ግብሬ ያልነበረው ይህ ክፍለ ጊዜ ካሰናዳኋቸው ሁሉ በለጠ።

ያለን አንድ ድምፅ ማጉያ ግንቦት ላይ ተበላሽቷል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ምትክ ያስፈልገናል። ለወላጆች ቀን ከሁለቱም ዙር ወረቀቶች የተመረጡትን በግድግዳ መጽሔት ጎን ለጎን ለጥፈናል። ከአሥራ ዘጠኙ አንዷ ብቻ ስሙን ከሰማች በኋላ አንድም ቃል አልቀየረችም። አልበሙን አልወደደችውም፤ ጽሑፏ የሚጀምረው «ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሰዓቴን አየሁ» በሚል ነው። ያንን ከላይ ሰቀልነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቆመው አነበቡና ወደ ጎን ጠርተው፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የየትኛው መምህር እንደሆነ ጠየቁኝ።