ቤተ መጻሕፍቶቻችን ድሬዳዋ በምትቀዘቅዝበት ሰዓት ይከፈቱ

ለ፦ ድሬዳዋ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት የአገልግሎት ሰዓት እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

በዚህች ከተማ ለረጅም ዓመታት በመምህርነት አገልግዬ በጡረታ የተገለልኩ ነዋሪ ስሆን፣ ጥያቄዬን በግልጽ ደብዳቤ ማቅረብን የመረጥኩት ጉዳዩ ከቢሮው በተጨማሪ ርእሳነ መምህራንን፣ ወላጆችንና ተማሪዎችን የሚመለከት በመሆኑ ነው። አዲስ ሕንፃ አልጠይቅም። በ2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አዲስ አበባ ላይ ከተመረቀ ወዲህ ስለ ንባብ በተነሣ ቁጥር ወሬያችን ወደ ሕንፃ ማዘንበሉ ገርሞኛል። የእኔ ጥያቄ ያሉን ክፍሎች የሚከፈቱበት ሰዓት ከድሬዳዋ አየርና ከተማሪው ውሎ ጋር እንዲስማማ ነው።

ቢሮው እንደሚያውቀው በዚህ ከተማ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ወደ ጥላ ይገባል፤ ከተማዋ ነፍስ የምትዘራው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ግን የሚሠራው በቢሮ ሰዓት ነው። በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የጠዋቱ ተማሪ ከክፍል ሲወጣ ቤተ መጻሕፍቱ ለምሳ ተዘግቶ ይጠብቀዋል፤ የከሰዓቱ ተማሪ ሲለቀቅ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ በሩን ቆልፋ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው። ክፍት በሆነበት ሰዓት ወይ ተማሪው ትምህርት ላይ ነው፣ ወይ የጣሪያው ቆርቆሮ ግሏል።

ባለፈው ዓመት ፈተና ሲቃረብ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የእኅቴን ልጅ ይዤ ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ከጣሪያው ከተንጠለጠሉት ሁለት ማራገቢያዎች የሚሽከረከረው አንዱ ብቻ ስለነበር ተማሪዎቹ ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ጎትተው ከሥሩ ተጠጋግተዋል፤ የቀረው የክፍሉ ግማሽ ባዶ ነው። በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸው የተደረደሩት ከውጭ በእርዳታ የመጡ፣ ዘመናቸው ያለፈ የሒሳብ አያያዝና የነርስነት ጥራዞች ናቸው። ተማሪ የሚሻማባቸው የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በባለሙያዋ ጠረጴዛ ላይ ጥቂት ቅጂ ብቻ ሲሆኑ፣ በተራ ይሰጣሉ፤ ልጆቹም የሚፈልጉትን ገጽ በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ይወጣሉ። አንዱን የፊዚክስ አጋዥ መጽሐፍ ገለጥኩት፤ ማብራሪያው ሙሉ ነው፣ የመልመጃዎቹ መልስ ያለባቸው ገጾች ግን ተገንጥለዋል። ይህን ለማስቀረት አንዲት ሴት ብቻዋን ያንን ሁሉ ልጅ መቆጣጠር ነበረባት።

ከዚያ ወጥተው ወዴት ይሄዳሉ? ከገጠር ቀበሌዎች መጥተው ለሦስት ለአራት አንድ ክፍል የሚከራዩት ልጆች አንድ አምፖል ሥር ተራ ይጠባበቃሉ። ከዚራ አካባቢ የሚኖሩት በዛፎቹ ጥላ ሥር ያጠናሉ፤ ሲመሽ መብራት ያለበትን ጥግ ይፈልጋሉ። ስለ ጫት ቤቶች ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። «ለጥናት ነው» እየተባለ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚጀመረውን መቃም ሁላችንም በምክር ለማስቆም ሞክረናል፤ ነገር ግን በቀትር ማራገቢያ ያለው፣ ውሃ የማይታጣበት፣ ሰው ተቀመጥ ተብሎ የሚስተናገድበት ክፍል ለወጣቱ ክፍት ሆኖ የሚያገኘው እዚያ ከሆነ፣ ምክሩ አቅም ያጣል። ቤተ መጻሕፍቱ ከጫት ቤቱ ጋር በሰዓትና በምቾት መወዳደር አለበት ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በአገር አቀፍ ደረጃ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በንባብ ክፍል ላይ አላላክክም። ሆኖም የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ሞዴል ፈተና፣ የወላጆች ስብሰባ እየተባለ ከሚወሰደው እርምጃ ሁሉ በጥቂት ወጪ በፍጥነት ሊፈጸም የሚችለው ይኸኛው ነው።

ስለዚህ ቢሮው ለሙከራ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን መርጦ ቤተ መጻሕፍታቸው ከአሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድም ጭምር እንዲከፈት ቢያደርግ እጠይቃለሁ። ምርጫው የደቻቱን ወንዝ ሁለት ዳር ያማከለ ይሁን። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደረሰውን ጎርፍ የሚያስታውስ ወላጅ ሰማይ በጠቆረ ምሽት ልጁን ወንዙን አሻግሮ አይልክም፤ በተለይ ሴት ልጁን። በዚሁ ምክንያት ማንኛውም ተማሪ መታወቂያውን አሳይቶ ለቤቱ በሚቀርበው ትምህርት ቤት እንዲያነብ ይፈቀድለት፤ «የኛ ተማሪ አይደለህም» መባል ይቅር። ለባለሙያዋ የምሽት ፈረቃ አጋዥ ይቀጠርላት ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይታሰብላት፤ ያለ ክፍያ የሚከፈት በር ከአንድ ወር በላይ ክፍት ሆኖ አላየሁም። ለማራገቢያ፣ ለአምፖልና ለመጠጥ ውሃ የሚያስፈልገው ለትምህርት ቤቶች ከሚሰጠው የድጋፍ ገንዘብ (ስኩል ግራንት) ሊሸፈን የሚችል ይመስለኛል። የመጻሕፍት ግዢ ሲኖርም በከተማችን አንደኛ ደረጃ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ እንደሚማር ታስቦ፣ መደርደሪያው ሦስቱንም ቋንቋዎች ይያዝ።

ሌላው ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲን የሚመለከት ነው። ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በብዛት ሲፈተኑ የቆዩት በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ነው፤ ስለሆነም ብዙው ልጅ የዩኒቨርሲቲን ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሊፈተን ሲገባ፣ ልቡ እየመታ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተጠሪነቱ ለፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ ቢሮው ሊያዘው እንደማይችል አውቃለሁ። ነገር ግን የማኅበረሰብ አገልግሎት ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲዎች ተግባር በመሆኑ፣ በመግባቢያ ሰነድ ቢያንስ ቅዳሜና እሑድ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ቦታ እንዲመደብ መጠየቅ ይቻላል። ግቢው በራሱ ተማሪዎች በሚጨናነቅበት የፈተና ሰሞን ቢቀር ቅር አይለኝም።

ቢሮው በዚህ ጥያቄ ላይ የደረሰበትን ውሳኔ፣ የተመረጡትን ትምህርት ቤቶችና የሚከፈቱበትን ሰዓት የሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በየትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲያሳውቅልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጥያቄው ተቀባይነት ካላገኘም ምክንያቱ በዚያው ሰሌዳ ይለጠፍልን።

ከሠላምታ ጋር
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከሳቢያን