ሸራ ከመቀየር በፊት ፒኑ ይታይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። በስምንት ወር ውስጥ የቪትዜን የፊት ፍሬን ሸራ ሁለቴ አስቀየርኩ። ሁለቴም የቀኙ ጎማ የውስጥ ሸራ አልቆ ብረቱ ዲስኩን መፋቅ ጀምሮ ነበር፣ የውጪው ግን ገና ወፍራም ነው። ጋራዡ "ሸራው ርካሽ ስለሆነ ነው" ብሎ አዲስ አስሮ ሸኘኝ። እንዴት አንዱ ብቻ ርካሽ ይሆናል?

ሌላ መካኒክ ጋ ስሄድ ነገሩ ተገለጠ። ሁለቱን ሸራዎች ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ካሊፐር በሁለት ፒኖች፣ ማለትም በትናንሽ የብረት ዘንጎች ላይ ወዲያ ወዲህ መንሸራተት አለበት፤ ፒኑ በአቧራና በጭቃ ደርቆ ከያዘ ግን ፒስተኑ የሚገፋው የውስጡ ሸራ ሥራውን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል። ፒኖቹን አውጥቶ አጸዳ፣ የተቀደደውን ጎሚኒ ቀየረ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ ቀባ። ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል አለኝ። ፒስተኑ ሳይያዝ ወደ ውስጥ መመለሱንም አየ፣ ሸራውን በግራም በቀኝም ቀየረ።

እኔ በየቀኑ ከእንጦጦ ቁልቁል ልጆች ጭኜ ነው የምወርደው። እባካችሁ በመኪና ዓምዳችሁ ጻፉበት፤ ሰዉ አሮጌውን ሸራ ተቀብሎ የውስጡንና የውጪውን ጎን ለጎን ያስተያይ።

አንባቢያችሁ፣ ከሽሮ ሜዳ