ማግኔት የሳበው ሁሉ ደህና አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በዋሽንግተን ዲሲ ስለሚካሄደው የእርሳስ ውሃ ቧንቧ ቅየራ ያወጣችሁትን ዘገባ ያነበበ ሰው ይዞት የቀረው አንድ ምክር ነው፦ «ቧንቧውን ማግኔት ከሳበው እርሳስ አይደለም፤ ስለዚህ ስጋት የለም።» የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ሰው ይጎዳል፤ እርማት ይውጣበት።

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ቤዝመንት ወርዳችሁ፣ ቧንቧው ከግድግዳው ብቅ ካለበት እስከ መጀመሪያው መዝጊያ ያለውን ክፍል በቁልፍ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ወዲያው ይፋቅና እንደ ብር ያበራል፣ ማግኔትም አይዝም። መዳብ ቀላ ይላል። ማግኔት የሚይዘው ዚንክ የተለበጠው ብረት፣ ጋልቫናይዝድ የምንለው ነው። ዘጋቢያችሁ እዚህ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ። ዋናው ጉዳይ የሚጀምረው ግን ከዚህ ነው።

ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ከእርሳስ ቧንቧ ቀጥሎ ከተገጠመ፣ ከላይ የሚመጣው እርሳስ በውስጡ ዝገት ላይ ለዓመታት ይጠራቀማል። ከመንገድ በኩል ያለው እርሳስ ወጥቶ በመዳብ ቢተካ እንኳ፣ ዝገቱ በተፈረፈረ ቁጥር የያዘውን እርሳስ ወደ ብርጭቋችሁ ይለቃል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በኦክቶበር 2024 ያወጣው ደንብ እንዲህ ያለው መስመር እንደ እርሳሱ ሁሉ እንዲቀየር የሚያስገድደው ለዚህ ነው። ከእርሳስ ቧንቧ ቀጥሎ ተገጥሞ እንደማያውቅ ማሳየት ካልተቻለም ከዚያው ይመደባል። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ነገሩ በወረቀት ብቻ ያለ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የውሃው ማከሚያ ኬሚካል ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ተቀይሮ በውሃው ውስጥ ያለው እርሳስ ከናረ በኋላ፣ በብዙ ቤቶች የመንገዱ በኩል ብቻ ተቀይሮ የግቢው በኩል እንዳለ ቀርቷል።

ዘገባው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «የቤት ባለቤቶች» ይላል። ከአንባቢዎቻችሁ ስንቱ ተከራይ እንደሆነ ጠፍቷችሁ ነው? ደንቡ ተከራይን አልረሳም፤ መስመሩ እርሳስ፣ አጠራጣሪ ጋልቫናይዝድ ወይም «ያልታወቀ» ከሆነ ማስታወቂያው ለሚኖርበት ሰውም መድረስ አለበት። ይህንን በአማርኛ እናንተ ካልነገራችሁት ማን ይንገረው?

መስመሩ እስኪቀየር ውሃ ማፍላት አይረዳም። እርሳስ አይተንም፤ ውሃው ሲጎድል እንዲያውም ይጠነክራል፤ ጀበና ላይ ለሚንተከተክ ቡናም ለሕፃን ወተትም ያው ነው። ለመጠጥና ለምግብ ኤንኤስኤፍ 53 በሚለው ደረጃ ለእርሳስ የተመሰከረለት ማጣሪያ ተጠቀሙ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አሳልፉበት፣ ካርትሬጁን በጊዜው ቀይሩ። ቅየራው ሲያልቅ በየቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ፈትታችሁ አውጡ፤ ፍርፋሪው የሚሸጎጠው እዚያ ነው። ከታችኛው ፎቅ ጀምራችሁ ቀዝቃዛውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ክፈቱና ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይፍሰስ። ከዚያም ለ6 ወር ማጣሪያውን አትተዉ፤ ማጣሪያና ካርትሬጅ እንዲያቀርብ ደንቡ የሚያዘው የውሃ ድርጅቱን ነው፤ ሳታፍሩ ጠይቁ።

እርማቱ ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን ይውጣ። «ስጋት የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገርም ከድረ ገጻችሁ ዛሬውኑ ይነሳ።

ከአክብሮት ጋር
የቧንቧ ባለሙያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ